ደም ሲቋረጥ ልብ ራሱን እንዴት ይከላከላል? ስለ ሕዋስ መልእክትና ስለ ልብ ጥበቃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ልብ ጤና በአማርኛ የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ጨው፣ ስለ ቅባትና ስለ እግር ጉዞ ነው። መልካም ነው፤ ግን ያ ሁሉ የሚያወራው በሽታው ከመምጣቱ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። እዚህ የምንነጋገረው የልብ የደም ቧንቧ ከተዘጋ በኋላ በጡንቻው ሕዋስ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር፣ ሕዋሱ ራሱን ለማዳን ስለሚለዋወጠው መልእክትና ሳይንቲስቶች ያንን መልእክት ወደ መድኃኒት ለመቀየር ወደ 40 ዓመት ገደማ ስላደረጉት ጥረት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢስኬሚያ ምንድን ነው? ከ«ልብ ድካም» ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ነገሩ የሚምታታው ማንኛውንም የልብ ሕመም «ልብ ድካም» ብሎ መጥራት ስለለመድን ነው። ልብ ድካም ማለት ልብ ደምን በበቂ ኃይል መርጨት ሲያቅተው የሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ የሚብስ ችግር ነው፤ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ኢስኬሚያ ግን የደም እጥረት ነው። ልብ ቀኑን ሙሉ በውስጡ ደም ሲያሳልፍ ቢውልም፣ የራሱ ጡንቻ የሚመገበው ከላዩ ላይ በተዘረጉ ኮሮናሪ በሚባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ ግድግዳው ላይ ስብ ተከማችቶበት፣ ክምችቱ ተሰንጥቆ በላዩ ደም ሲረጋበት፣ ከዚያ በታች ያለው ጡንቻ ኦክስጅን ያጣል። ቶሎ ካልተከፈተ ጡንቻው ይሞታል፤ «ሃርት አታክ» የምንለው ይህንን ነው። የሞተው ክፍል ሰፊ ከሆነ የተረፈው ጡንቻ ሸክሙን መቻል ያቅተዋል፤ ሰውየውም ውሎ አድሮ ወደ ልብ ድካም ይገባል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ ስንት ደቂቃ ይቆያል?

ልብ ስንቅ የማይቋጥር አካል ነው። በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ኤቲፒ የተባለ የኃይል ሞለኪውል ደግሞ እያመረተ እዚያው በዚያው ይጨርሰዋል። ከጡንቻ ሕዋሱ ይዘት አንድ ሦስተኛ ያህሉን ኃይል ማመንጫዎቹ ማይቶኮንድሪያ የያዙት ለዚህ ነው። ደም ሲቋረጥ ጡንቻው በደቂቃ ውስጥ መኮማተሩን ይተዋል።

መኮማተር መተው ግን መሞት አይደለም። በውሾች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች እስከ 15 እና 20 ደቂቃ የሚደርስ መቋረጥ ሕዋሱን አይገድለውም፤ ጡንቻው ለሰዓታት ፈዞ ይቆይና ያገግማል። ሞቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ኪት ራይመርና ሮበርት ጄኒንግስ በ1970ዎቹ መጨረሻ እንዳሳዩት ሁሉም በአንዴ አይሞትም፤ ሞቱ ከልብ ግድግዳ የውስጠኛ ገጽ ይነሣና በሰዓታት ውስጥ እንደ ማዕበል ወደ ውጨኛው ገጽ ይሄዳል። ሐኪሞች «ጊዜ ማለት ጡንቻ ነው» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ ማዕበል ነው። ቧንቧው በመጀመሪያው ሰዓት ከተከፈተ የሚተርፈውና በስድስተኛው ሰዓት ሲከፈት የሚተርፈው በጣም ይራራቃሉ።

ቧንቧው ተከፍቶ ደም ከተመለሰ ጉዳቱ አያበቃም?

በዚህ ርዕስ ውስጥ ሰውን በጣም የሚያስገርመው ነገር ይህ ነው፤ እኔንም ተማሪ ሳለሁ ለማመን ቸግሮኝ ነበር። ደሙ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ጡንቻው ያለ ጥርጥር ይሞታል። ሆኖም የሚመለሰው ደም ራሱ የሚገድላቸው ሕዋሳት አሉ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ምን እንደምናደርግ አስቡ። ፍሪጁን ነቅለን እንጠብቃለን፤ ምክንያቱም ዕቃ የሚያቃጥለው መብራቱ መሄዱ ሳይሆን በኃይል መመለሱ ነው። በሕዋስ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ኦክስጅን በጠፋበት ጊዜ ሕዋሱ ያለ ኦክስጅን ስኳር እያፈላ ስለሚኖር በአሲድ ይሞላል። አሲዱን ሲያስወጣ በምትኩ ሶዲየም ይገባል፤ ሶዲየሙን ሲያስወጣ ደግሞ ካልሲየም ይገባል። በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ደግሞ ሰክሲኔት የተባለ ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ ይከማቻል። ይህን የሰክሲኔት ነገር በ2014 በግልጽ ያሳየው በካምብሪጅ የማይክል መርፊና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ደሙ በተመለሰ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያ ሁሉ ሰክሲኔት አንድ ላይ ይነድና ነፃ ራዲካል የሚባሉ ሸካራ የኦክስጅን ቅንጣቶችን ይረጫል። የተጠራቀመው ካልሲየምም በዚያው ሰዓት ማይቶኮንድሪያውን ያጥለቀልቃል።

በማይቶኮንድሪያው ግድግዳ ላይ በሰላሙ ጊዜ ተዘግቶ የሚኖር ቀዳዳ አለ። ካልሲየምና ነፃ ራዲካል ሲበዙ ይከፈታል። አሲድ ግን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ በኢስኬሚያው ጊዜ፣ ያ ሁሉ ችግር ባለበት፣ ቀዳዳው አይከፈትም። ደም ተመልሶ አሲዱን ሲያጥበው ነው የሚከፈተው። ከተከፈተ በኋላ ማይቶኮንድሪያው ኃይል መሥራት ይቅርና ያለውንም ይበላል፤ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ሕዋሱም አብሮት ያልቃል። ከዚህ በኋላ ስለ መልእክት የምንናገረው ሁሉ መድረሻው ይህ ቀዳዳ ነው፤ አንባቢ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህን ይያዝ።

ልብን ደጋግሞ ደም ማስራብ ልብን ያድናል የሚባለው እንዴት ነው?

በ1986 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ መሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር አንድ ሙከራ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹን ውሾች አንድ የልብ ቧንቧ ለ40 ደቂቃ ዘጉ። የሌሎቹን ግን መጀመሪያ ለ5 ደቂቃ ዘግተው ለ5 ደቂቃ ከፈቱ፤ ይህን አራት ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ ያንኑ 40 ደቂቃ ዘጉ። ሁለተኞቹ በድምሩ 20 ደቂቃ ተጨማሪ ረሃብ ስለደረሰባቸው የባሰ ጉዳት ይጠበቅ ነበር።

የሆነው ተቃራኒው ነው። ያለ ልምምድ 40 ደቂቃ ከተዘጋባቸው ውሾች፣ ለአደጋ ከተጋለጠው ጡንቻ 29 በመቶ ያህሉ ሞተ፤ ቀድመው ከተለማመዱት ግን 7 በመቶ ብቻ። የሞተው ጡንቻ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ነገሩ በፈረንጆቹ ፕሪኮንዲሽኒንግ ተባለ፤ እኛ «ቅድመ ልምምድ» ልንለው እንችላለን። በኋላ በጥንቸል፣ በአይጥ፣ በአሳማ ተደገመ፤ በተሞከረበት እንስሳ ሁሉ ማለት ይቻላል ሠራ።

ብዙዎች ይህን ውጤት ሲጠቅሱ የሚዘሉት ግማሽ አለ። በዚያው ሙከራ ቧንቧው ለ40 ደቂቃ ሳይሆን ለ3 ሰዓት ሲዘጋ፣ የተለማመደውም ያልተለማመደውም ያው ሆነ። ልምምዱ ሞትን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ደም በጊዜው ካልተመለሰ የሚጠቅመው ነገር የለም። ኋላ ላይ የሰው ሙከራዎች ለምን እንደተሰናከሉ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ሕዋሱ «ተዘጋጅ» የሚለውን መልእክት የሚያስተላልፈው በምንድን ነው?

እድር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ለእያንዳንዱ ቤት ደብዳቤ አይጻፍም። ጡሩምባ ነፊው ይዞራል፤ የሰማ ሁሉ ሥራውን ያውቃል፦ ድንኳን የሚተክል ይተክላል፣ ወንበር የሚያወጣ ያወጣል። የሕዋስ መልእክትም እንዲህ ነው። አንድ ሞለኪውል ውጭ ቆሞ ይጮኻል፤ ውስጥ ያሉት ተቀባብለው የየድርሻቸውን ይሠራሉ።

ጡሩምባ ነፊው ማን ነው? ከሁሉ ቀድሞ የታወቀው አዴኖሲን ነው። አዴኖሲን ማለት ኤቲፒ ተበልቶ ሲያልቅ የሚቀረው ቅሪት ነው። ይህ አሠራር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ያለቀው ኃይል አመድ ራሱ የድረሱልኝ ጥሪ ሆኖ ያገለግላል፤ ሕዋሱ ሌላ ምልክት መሥራት አያስፈልገውም። አዴኖሲኑ ከሕዋሱ ወጥቶ ላዩ ላይ ባሉ ተቀባዮች ላይ ያርፋል። በ1991 የጄምስ ዳውኒ ቡድን በጥንቸሎች ላይ የሠራው ሙከራ ቀላልና ብልህ ነበር። የአዴኖሲን ተቀባዩን በመድኃኒት ሲዘጉ ልምምዱ ዋጋ አጣ። ቧንቧ ሳይዘጉ አዴኖሲን ብቻ ሲሰጡ ደግሞ ልብ የተለማመደ ያህል ተጠበቀ። አንድ ነገር ሲነሣ ጥበቃው ከጠፋና ሲሰጥ ከመጣ፣ እሱ የሰንሰለቱ አካል ነው። በዚህ መስክ እያንዳንዱ ቀለበት የተገኘው በዚህ ዓይነት መዝጋትና መስጠት ነው። ብራዲካይኒን የተባለው የሰውነት ኬሚካልና ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ሞርፊን መሰል ኦፒዮዶችም በዚሁ ዘዴ ተጨመሩ።

ከተቀባዩ ወደ ውስጥ ያለውን ጉዞ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ስሞቹ ቢያስፈሩም መንገዱ አንድ ነው። ተቀባዩ ጂ ፕሮቲን የተባለውን ይቀሰቅሳል። እሱ ፒአይ3 ካይኔዝን፣ ያም አክት የተባለውን ኢንዛይም ያነሣሣል። ካይኔዝ ማለት በሌላ ፕሮቲን ላይ የፎስፌት ማኅተም የሚመታ ኢንዛይም ነው፤ ማኅተሙ ያረፈበት ፕሮቲን ይነቃል ወይም ይተኛል። አክት ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ሌላ ካይኔዝ፣ ፕሮቲን ካይኔዝ «ጂ» የተባለውን፣ ይቀሰቅሳል። ከዚያ መልእክቱ ማይቶኮንድሪያው ላይ ወዳለ የፖታሲየም በር ይደርሳል። በሩ ሲከፈት ማይቶኮንድሪያው ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ነፃ ራዲካል ይለቃል፤ ያ ደግሞ ፕሮቲን ካይኔዝ «ሲ» የተባለውን ያነቃል። መጨረሻ ላይ ጂኤስኬ-3 ቤታ የተባለ ኢንዛይም እንዲተኛ ይደረጋል፤ ቅድም ያልነው የሞት ቀዳዳም በቀላሉ የማይከፈት ይሆናል።

አዎ፣ ነፃ ራዲካል። ሲበዛ የሚገድለው፣ በጥቂቱ ሲሆን «ተጠንቀቅ» የሚል መልእክተኛ ነው። በእነዚያ ሙከራዎች ነፃ ራዲካልን የሚያጠፋ መድኃኒት በልምምዱ ሰዓት ሲሰጥ ጥበቃው ይጠፋል። «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ሁሉ የልብ መድኃኒት አድርጎ ለሚሸጥ ሰው ይህን ማንበብ ደስ አይለውም።

ሁለት የኖቤል ሽልማቶች ከዚህ ሰንሰለት ጋር ይገናኛሉ። የ1998ቱ የሕክምና ሽልማት ናይትሪክ ኦክሳይድ መልእክተኛ መሆኑን ላሳዩት ለፈርችጎት፣ ለኢግናሮና ለሙራድ ነው። የ2012ቱ የኬሚስትሪ ሽልማት ደግሞ ከጂ ፕሮቲን ጋር የሚሠሩትን ተቀባዮች ላጠኑት ለሮበርት ሌፍኮዊትዝና ለብራያን ኮቢልካ ተሰጠ። ሌፍኮዊትዝ የልብ ሐኪም ነው፤ የሚሠራውም የውሾቹ ሙከራ በተደረገበት በዱክ ነው።

ጥበቃው ስንት ጊዜ ይቆያል?

ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው ከልምምዱ በኋላ ወዲያው ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ይጠፋል። ከዚያ ልብ እንደ ማንኛውም ልብ ይሆናል። ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ግን ጥበቃው ተመልሶ ይመጣና እስከ ሦስተኛው ቀን ይቆያል። በ1993 በጥንቸልና በውሻ ላይ ተለይቶ የታወቀው ይህ «ሁለተኛው መስኮት» ይባላል። ፊተኛው ፈጣን የሆነው ያሉት ፕሮቲኖች ላይ ማኅተም ብቻ ስለሚመታ ነው፤ ሁለተኛው የዘገየው አዳዲስ ፕሮቲኖች ከዘረ መል ተነበው መሠራት ስላለባቸው ነው።

ከሃርት አታኩ በፊት በነበሩት ቀናት ደረቱን ሲያመው የነበረ ሰው ዕድለኛ ነው ማለት ነው?

በ1990ዎቹ የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ከዋናው ጥቃት በፊት ባሉት አንድ ሁለት ቀናት የደረት ሕመም የነበራቸው በሽተኞች የሞተባቸው ጡንቻ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ቅድመ ልምምድ በሰውም እንደሚሠራ ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ከዚያም የቆየ ምልክት አለ። የልብ የደረት ሕመምን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለሐኪሞች በደንብ የገለጸው እንግሊዛዊው ዊልያም ሄበርደን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ መቁረጥ ልማዱ ያደረገና ሊድን ጥቂት የቀረው አንድ በሽተኛ ማወቁን ጽፏል።

ዕድለኛ ማለት ግን ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ቧንቧው ሊዘጋ እንደሆነ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ በዚያን ሰዓት ሐኪም ዘንድ የደረሰ ሰው ዋናው ጥቃት ላይመጣበት ይችላል። አገር ቤት ደግሞ ችግሩ ይበልጥ የሚከፋው «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ነው።

ቧንቧው መቼ እንደሚዘጋ ካልታወቀ ቅድመ ልምምድ ምን ይጠቅማል?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ያሰቡት ይህንኑ ነው። በ2003 የያኮብ ቪንተን-ጆሃንሰን ቡድን ልምምዱን ከኋላ አመጣው። ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ሲከፈት ደሙን በአንዴ አይለቁትም፤ 30 ሰከንድ ለቀው 30 ሰከንድ ይዘጋሉ፣ ሦስት ጊዜ። በውሾቹ ላይ ጥበቃው ከቅድመ ልምምድ ጋር የሚወዳደር ሆነ። የሁዳዴን ጾም በፋሲካ ስንፈታ በቀጥታ ዶሮ ወጥ ላይ አንወድቅም፤ ተልባ እንጠጣለን፣ ሆድን እናለሳልሳለን። ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ደሙ በዝግታ ሲመለስ አሲዱ ቶሎ አይታጠብም፤ ቀዳዳውም በእነዚያ ክፉ ደቂቃዎች ተዘግቶ ይቆያል። የዴሪክ የሎን ቡድን በለንደን እንዳሳየው በነዚሁ ደቂቃዎች አክትና ኢአርኬ የተባሉት ካይኔዞች ይነሣሉ፤ ይህን መንገድ «ሪስክ» ብለው ሰይመውታል።

ከዚህ ጎን ለጎን አፍሪካ ውስጥ የተገኘ ሌላ መንገድ አለ። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ሳንድሪን ለኩርና ባልደረቦቿ፣ በአክት ላይ ሳይመረኮዝ ስታት3 በተባለ ፕሮቲን በኩል የሚያልፍ መንገድ አገኙና «ሴፍ» አሉት። ጡሩምባ የሚነፋውም ቲኤንኤፍ አልፋ ነው፤ ሌላ ጊዜ ብግነት በማስነሣት የምናውቀውና የምናማው ሞለኪውል። እንደገና መጠን ጉዳዩን ይወስናል።

ክንድን ማሰር ልብን ይጠብቃል የሚባለውስ? እውነት ነው?

ሐሳቡ የመጣው በ1993 ካሪን ፕርዚክሌንክ ከሠራችው ሙከራ ነው። የልብን አንድ ቧንቧ ደጋግማ ዘግታ ከፈተች፤ የተጠበቀው ግን በሌላ ቧንቧ የሚመገበው ጡንቻ ጭምር ነው። መልእክቱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድ ከሆነ ለምን ከልብ ውጭ አይጀምርም? በ2002 የክንድን ወይም የእግርን ደም ለአምስት አምስት ደቂቃ መዝጋትና መክፈት እንደሚበቃ ታየ። መሣሪያው ማንኛውም ጤና ጣቢያ ያለው የደም ግፊት መለኪያ ነው።

መልእክቱ ከክንድ ወደ ልብ በምን ይሄዳል? በደምም በነርቭም። ልምምዱ ከተደረገለት ሰው ደም የተወሰደ ፈሳሽ ከአካል ተለይቶ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በሚመታ የጥንቸል ልብ ውስጥ ሲያልፍ ያንን ልብ ይጠብቀዋል። በሌሎች ሙከራዎች ደግሞ ነርቭ ሲቆረጥ ጥበቃው ይጠፋል።

እንዲህ ጥሩ ከሆነ ታዲያ ሆስፒታሎች ለምን አይጠቀሙበትም?

በትልልቅ የሰው ሙከራዎች ስላልሠራ። ይህንን ሳያድበሰብሱ መናገር ያስፈልጋል።

ጅማሮው ያማረ ነበር። በ2005 ፈረንሳይ ውስጥ በ30 በሽተኞች ላይ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ሲገባ ቧንቧውን የሚከፍተውን ፊኛ በየደቂቃው መንፋትና ማስተንፈስ የልብ ጉዳት መለኪያውን ኢንዛይም በ36 በመቶ ቀነሰ። በ2008 ሳይክሎስፖሪን የተባለው ቀዳዳውን የሚዘጋ መድኃኒት በ58 በሽተኞች ላይ ተስፋ አሳየ። በ2010 ዴንማርኮች በአምቡላንስ ውስጥ ክንድ እያሰሩ የተረፈው ጡንቻ መጨመሩን አሳዩ።

ከዚያ ትልልቆቹ መጡ። በ2015 ሳይክሎስፖሪን በ970 ሰዎች ላይ ሲሞከር ምንም አልረዳም። በዚያው ዓመት በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ክንድ ማሰርን የፈተሹ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ በእንግሊዝ ሌላው በጀርመን፣ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ፊኛውን መንፋትና ማስተንፈስም ዴንማርክ ውስጥ ከ1,200 በላይ በሽተኞች ላይ ተፈትኖ ለውጥ አላመጣም። የመጨረሻው ትልቅ ምት በ2019 ወደቀ። በእንግሊዝ፣ በዴንማርክ፣ በስፔንና በሰርቢያ 5,401 የሃርት አታክ በሽተኞች ተሳትፈው፣ በዓመቱ መጨረሻ በልብ የሞቱት ወይም በልብ ድካም የተኙት ክንዳቸው ከታሰረው 9.4 በመቶ፣ ካልታሰረው 8.6 በመቶ ሆኑ። ጥቅም የለም።

ምክንያቱ ላይ ክርክሩ አላለቀም፤ የእኔን አስተያየት ልስጥ። የላቦራቶሪው እንስሳ ወጣት፣ ጤነኛና መድኃኒት የማይወስድ ነው። በሽተኛው ግን አረጋዊ ነው፣ ስኳርና ግፊት አለበት፣ አምስት ዓይነት ኪኒን ይውጣል። ከኪኒኖቹ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌት የተባሉ ቅንጣቶች የሚከለክሉት እንደ ቲካግሬሎር ያሉት፣ በእንስሳት ላይ ራሳቸው ልምምድ መሰል ጥበቃ ሰጥተዋል፤ ጣሪያው ላይ ለደረሰ ጥበቃ መጨመር ይከብዳል። በቀዶ ሕክምናው ጥናቶች ውስጥ ደግሞ ለማደንዘዣ ይሰጥ የነበረው ፕሮፖፎል መልእክቱን ያዳፍናል ተብሎ ይጠረጠራል። ከሁሉ በላይ ግን በአውሮፓ ሆስፒታሎች ቧንቧው በፍጥነት ይከፈታል፤ የሚሞተው ሰው ጥቂት ነው፣ የሚተርፍ ተጨማሪ ጡንቻም ጥቂት ነው።

ስለዚህ በአፍሪካ የተጀመረው ሪክ-አፍሪካ የተባለ ሙከራ ትርጉም አለው። የሚያጠናው ስቴንት ሳያገኙ የረጋ ደም በሚያሟሟ መድኃኒት ብቻ የሚታከሙ፣ ዘግይተው የሚደርሱና ትልቅ ጉዳት የሚደርስባቸው በሽተኞችን ነው። የክንድ ማሰሪያ የሆነ ቦታ ሊሠራ ከቻለ እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

የስኳር በሽታ አለብኝ። መድኃኒቴ የልቤን መከላከያ ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው?

ከፊሉ እውነት አለው። ስኳር በሽታ ራሱ የመልእክቱን መንገድ ያደነዝዘዋል፤ በስኳር የታመሙ እንስሳት ከጤነኞቹ ይልቅ ብዙ ዙር ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱን በተመለከተ፣ በ1992 ጋሬት ግሮስና ጆን ኦሻምፓክ በውሾች ላይ እንዳሳዩት ግሊቤንክላማይድ ቅድመ ልምምድን ይሰርዛል። ምክንያቱም ከቆሽት ኢንሱሊን የሚያስወጣው ልብ ውስጥም የሚገኙትን እነዚያን የፖታሲየም በሮች በመዝጋት ነው። ይህ መድኃኒት በአገራችንም ለብዙ ዘመን በሰፊው ሲታዘዝ የኖረ ስለሆነ ጥያቄው ይመጣል።

ይህን አንብቦ ኪኒኑን የሚያቆም ሰው ግን ራሱን ይጎዳል። ያልተቆጣጠሩት ስኳር ቧንቧን የሚያበላሸው በየቀኑ ነው። ሌላ አማራጭ ካለ ለሐኪማችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በፊት አትንኩት።

የግፊት መለኪያ ገዝቼ ቤቴ ክንዴን ባስርስ?

አይመከርም። በትልቁ ጥናት በአምቡላንስና በሆስፒታል ውስጥ ተደርጎ እንኳ አልጠቀመም። መለኪያውን ከገዛችሁ ግፊታችሁን ለኩበት።

ታዲያ በእርግጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

አስፕሪን። በ1988 የወጣ አይሲስ-2 የተባለ ጥናት 17,187 ሃርት አታክ የተጠረጠረባቸውን ሰዎች ይዞ ነበር። ለአንድ ወር በየቀኑ ግማሽ ኪኒን የሚያህል አስፕሪን መስጠት በአምስት ሳምንት ውስጥ የነበረውን ሞት በ23 በመቶ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ በ25 በመቶ፣ ሁለቱ አንድ ላይ በ42 በመቶ ቀነሱ። በሳንቲም የሚገዛ ኪኒን፣ ስለ ካይኔዝ የተጻፈው ወረቀት ሁሉ እስካሁን ያላደረገውን አደረገ። የሕዋስ መልእክትን ምርምር የምወድ ሰው ብሆንም ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ደረቴን ጨምድዶ ቢይዘኝ ምን ላድርግ?

ሕመሙ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቃችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር በሽተኞች ላይ ሕመሙ ደካማ ሊሆን፣ ትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሊታይ ይችላል። አምቡላንስ ጥሩ፤ ራሳችሁ መኪና አትንዱ። የአስፕሪን አለርጂ ከሌለባችሁና የሚደማ ቁስል ከሌላችሁ አንድ 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝካችሁ ዋጡ። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) የሚያነሣ ቦታ ሂዱ።

ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሐኪሙ የሚያሟሟ መድኃኒት ይስጥ አይስጥ የሚወስነው ከዚያ ሰዓት ቆጥሮ ነው፤ 12 ሰዓት ካለፈ ብዙውን ጊዜ አይሰጥም። «ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረኝ» ብቻ ብላችሁም አትተዉት፤ በአበሻ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት፣ ጠዋት ይሁን ማታ፣ ለይታችሁ ተናገሩ። ስድስት ሰዓት ያህል ስሕተት ሊፈጠር የሚችለው እዚህ ላይ ነው።